«ያሸንፋል» እና «ይገባዋል»

ለመሆኑ በምርጫ ሰሞን «ማን ያሸንፋል?» ብሎ መገመት ምን ክፋት አለው? ገንዘብ አልተያዘበት፣ ሰው አልታማበት፣ ሐሰት አልተነገረበት። እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ድረስ ይህን ጥያቄ የሚያቀርብልኝ ሰው ቢኖር «ምንም ክፋት የለውም» ብዬ አፌን ሞልቼ በመለስኩለት ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ምክንያቱን ለአንባብያን ላስረዳ።

ነዋሪነቴ ኮዬ ፈጬ ነው። በዚያ ነሐሴ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ምርጫ በየመስጊዱ በተካሄደበት ሰሞን፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከብሎካችን ሥር ካለችው ሱቅ ደጃፍ እየተሰበሰብን ሻይ እንጠጣ ነበር። ክረምቱ አልወጣምና ገሚሱ ጃኬቱን ተከናንቦ፣ ገሚሱ ዝናቡን ሽሽት ደረጃው ሥር ተጠግቶ፣ ወሬው ሁሉ ስለ እጩዎቹ ነበር። በእኛ መስጊድ አካባቢ ስማቸው አዘውትሮ የሚነሳው ሦስት ነበሩ። አንደኛው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው። ለመስጊዱ መዋጮ ሲባል እጁ ከሁሉ ቀድሞ ይዘረጋል። ሁለተኛው ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ንግግር ያውቃል፣ ከጎኑ የማይለዩ ጓደኞችም አሉት። ሦስተኛው ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ የሚውል፣ ማታ ማታ ደግሞ ልጆቻችንን ቁርኣን የሚያስቀራ ሰው ነው። የመስጊዱን ገቢና ወጪ ይዞ በየወሩ ከጁሙዓ በኋላ ሳንቲም ሳያስቀር ያነብልን የነበረው እርሱ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከኋላ የተቀመጠው ሰው አይሰማውም ነበር።

እኔ ደግሞ ግምት ይሳካልኛል። ከመርካቶ የመጡት ምን ያህል እንደሆኑ፣ ከኮልፌ የመጡት ወደ ማን እንደሚያጋድሉ፣ ወጣቱ ማንን እንደሚከተል፣ ሱብሒ የሚሰግደውና ጁሙዓ ብቻ የሚመጣው ቁጥሩ እንዴት እንደሚለያይ አንድ በአንድ እያሰላሁ አቀርብ ነበር። ብይኔም ነጋዴው አንደኛ፣ መሐንዲሱ ሁለተኛ የሚል ነበር። ስለ ሦስተኛው ስጠየቅ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «ጥሩ ሰው ነው፤ ግን አይመረጥም።» ይህችን ዓረፍተ ነገር አንድ ቀን ብቻ አይደለም የተናገርኳት። ሳምንቱን ሙሉ ደጋግሜአታለሁ። ሰዎችም ከእኔ እየተቀበሉ ለሌላው ያደርሱ ጀመር።

አንድ ምሽት ከወጣቶቹ አንዱ «እንግዲያው በምሳ እንወራረድ!» አለ። በዕድሜ የገፉ አንድ ጎረቤታችን ወዲያው ቆጡት። «ተው ልጄ፣ ውርርድ ቁማር ነው፤ ቁማር ደግሞ ሐራም ነው» አሉት። ሁላችንም ደነገጥን፤ አስተግፊሩላህ ተባለ፤ ምሳውም ቀረ። ግምቱ ግን ቀጠለ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው። ከነገሩ ሁሉ ለዓይናችን የታየን ኃጢአት ምሳው ብቻ ነበር።

የምርጫው ዕለት ልቤ ውስጥ የነበረው ሦስተኛው ሰው ነው። ድምፄን የሰጠሁት ግን ለነጋዴው ነው። እንዲህ ብዬ አሰላሁ፦ ሦስተኛው እንደሆነ አያሸንፍም፤ ለእርሱ የምሰጠው ድምፅ ሜዳ ላይ ይፈሳል፤ መሐንዲሱ በጓደኞቹ ብርታት ሳይታሰብ ቢያሸንፍ ደግሞ መስጊዱ ወገን ለይቶ ይከፈላል። ስለዚህ ቢያንስ ነጋዴው ይሻላል። ውጤቱ ሲነገር ግምቴ ሰመረ። ነጋዴው በሰፊ ልዩነት አለፈ፤ ሦስተኛው ያገኘው ድምፅ በጣት የሚቆጠር ነበር። ማታ ከሱቁ ደጃፍ «አንተማ ነገር ታውቃለህ» እየተባልኩ ተመሰገንኩ።

ሳምንቱ ሳይሞላ አንድ ጎረቤቴ ታክሲ ስንጠብቅ «እኔ እንኳ ልመርጠው የፈለግሁት ያንን የልጆቹን አስተማሪ ነበር፤ ግን አይመረጥም ስትሉ ተውኩት» አለኝ። ሌላው በውዱእ ቦታ ይህንኑ ነገረኝ። ሦስተኛው፣ ባለቤቱ ለልጆቹ አስተማሪ ምሳ የምትልክለት ሰው፣ ፊት ለፊት «አይመረጥም ያልከው አንተ ነህ እኮ» አለኝ። ስንት እንዲህ ያለ ሰው እንደነበረ አላህ ይወቅ። እኔ ያገኘሁት ሦስት ነው። ከእኔ ጋር አራት።

ነጋዴውን ማማቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ቸር ሰው ነው፤ ኃላፊነቱንም በደህና እየተወጣ ነው። ነገሬ ከእርሱ ጋር አይደለም፣ ከራሴ ጋር ነው።

ነገ ይዘንባል ብሎ የሚገምት ሰው ዝናቡ አይሰማውም። ቢሳሳትም ቢልክለትም ደመናው የራሱን መንገድ ይሄዳል። የሰው ልጅ ግን ይሰማል። «አይመረጥም» የተባለ ሰው፣ ይህ ስለተባለ ብቻ የማይመረጥበት ጊዜ አለ። እንግዲህ እኔ የሆነውን ቀድሜ አየሁ ወይስ እንዲሆን አደረግሁ? ተንብዬ ነው ወይስ ቀስቅሼ? ቅስቀሳ ከሆነ ደግሞ ለማን ነው የቀሰቀስኩት? በልቤ ለማልመርጠው ሰው ነው። ገንዘብ ተቀብሎ የሚቀሰቅስ ሰው እንኳ ለማን እንደሚቀሰቅስ ያውቃል።

ይህ ጉዳይ በሌላ አካባቢ ቢሆን እንዲህ ባልጎላ ነበር። ኮዬ ፈጬን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ51 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች እጣ ሲወጣ አንዱ ትልቁ ሥፍራ ኮዬ ፈጬ ነበር። በማግስቱ የተነሳውን ተቃውሞ፣ የአርሶ አደሩን የመሬት ጥያቄ፣ የቁልፍ ርክክቡን መጓተት ሁሉም ያስታውሰዋል። እዚህ የገባው ሕዝብ ጎረቤቱን የመረጠለት እጣ ነው። ፒያሳ ተወልዶ ያደገው፣ ከመርካቶ የመጣው፣ ከካዛንቺስ የመጣው በአንድ ደረጃ ላይ ተገናኝቷል። በአሮጌው ሠፈር ቢሆን «የእገሌ ልጅ» ሲባል አባቱም አያቱም፣ ያበደረውም የተበደረውም ይታወቃል። እዚህ ግን በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እየሰገድን ስም የማንተዋወቅ ብዙ ነን። ሰውየውን የማያውቅ መራጭ ደግሞ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ሌላ ነገር ስለሌለው «ሰዉ ምን ይላል?» የሚለውን ይይዛል። እኔም ያንን አቀረብኩለት። በማያውቁት ሰው ምትክ የሚያውቁት የመሰላቸውን ግምት ሰጠኋቸው።

ምርጫው በመስጊድ ይሁን ተብሎ የተለመነው ግን ለዚህ አልነበረም። ይህንን ለወጣት አንባብያን ማስታወስ ሳይገባ አይቀርም። የካቲት 14 ቀን 1987 ዓ.ም. በታላቁ አንዋር መስጊድ የሰው ሕይወት የጠፋው ከመጅሊሱ አመራር ውዝግብ ጋር በተያያዘ ግጭት ነው። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሳው እንቅስቃሴም ካነሳቸው ጥያቄዎች ዋነኛው መጅሊሱ በሕዝበ ሙስሊሙ ይመረጥ፣ ምርጫውም በመስጊድ ይሁን የሚል ነበር። መንግሥትና የወቅቱ አመራር በቀበሌ ይሁን አሉ፤ መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም. በቀበሌ ተካሄደ። ሕዝቡ የወከላቸው የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በዚያን ጊዜ እስር ቤት ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ኮሚቴውን ከመሩትና አብረዋቸው ከተከሰሱት መካከል ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት የተፈረደባቸው ነበሩ። ከዚያ ለውጥ መጣ፤ ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በሸራተን ጉባኤ አዲስ አመራር ተሰየመ፤ በ2012 ዓ.ም. መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፤ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ምርጫው መስጊድ ገባ። ይህ ሁሉ መንገድ የተሄደው ለምንድን ነው? ሰጋጁ ከጎኑ የሚሰግደውን ሰው ያውቀዋል፣ ስለሚያውቀውም ሰው ይመሰክራል ተብሎ ነው። «በመስጊድ ይሁን» ማለት «ከሚያውቁት ሰዎች መካከል ይሁን» ማለት ነበር። እኔ ግን እዚያ መስጊድ ውስጥ ሆኜ የማውቀውን ሰው ትቼ የማላውቃቸውን መራጮች ሐሳብ መረጥኩ።

መመስከር ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ከዘመናችን ዑለማ እንደ ሼይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዷዊና እንደ ፓኪስታኑ ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ያሉት ድምፅ መስጠትን ከምስክርነት ቆጥረውታል። መራጩ «ይህ ሰው ለዚህ ኃላፊነት ይገባዋል» ብሎ ይመሰክራል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ቃዲ ፊት የቆመ ምስክር «ምን አየህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እኔ ያየሁት እንዲህ ነው፤ ነገር ግን ሌሎቹ ምስክሮች እንዲያ የሚሉ ስለሚመስለኝ እኔም እንዲያ ብያለሁ» ቢል ምን ይባላል? ሐሰተኛ ምስክር ቢባል ቅር የሚለው ይኖራልን? እያንዳንዱ ምስክር የሌላውን አፍ እያየ ቢመሰክር፣ ሁሉም ያየው እውነት ማንም ሳይናገረው ይቀራል። በመስጊዳችን የሆነው ይኸው ነው። ቁርኣንም ምስክርነትን መደበቅ የልብ ኃጢአት መሆኑን በአል-በቀራ ምዕራፍ ያስተምራል፤ አብዛኛውን ጥርጣሬ እንድንርቅ ደግሞ በአል-ሑጁራት ያዘናል። እኔ በአንድ ድምፅ ሁለቱንም አጣመርኳቸው።

ይህ ሲባል ግን ተቃራኒውን ክርክር ማለፍ አይገባም፤ ጠንካራ ክርክር ነውና። «ከሁለት ጉዳት ቀላሉን ምረጥ» የሚለው የፊቅህ መርሕ ይታወቃል። በ450 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አል-ማወርዲ ስለ አስተዳደር ሕግጋት በጻፉት መጽሐፋቸው ይህንኑ ጥያቄ አንስተዋል። ይበልጥ የተገባው ሰው እያለ ያነሰውን መምረጥ ይቻላል ወይ? መልሳቸው በምክንያት ነው። የተሻለው በቦታው ከሌለ፣ ከታመመ ወይም ያነሰው ሰው ሕዝቡ ይበልጥ የሚታዘዘውና ለልብ የቀረበ ከሆነ ምርጫው ይጸናል። ያለ ምክንያት ከሆነ ግን ዑለማዎች ይለያያሉ፤ አብዛኛዎቹ ይጸናል ሲሉ አል-ጃሒዝን የመሰሉ አይጸናም ብለዋል። እንግዲህ «ሕዝቡ ይቀበለዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ነውር አይደለም። መሪ ብቻውን አይመራም።

ለጥቂት ቀናት በዚህ ራሴን አጽናናሁ። በኋላ ግን አንድ ነገር አላስተኛኝ አለ። አል-ማወርዲ የሚሉት ምክንያት የታወቀ ነገር ነው። ሕዝቡ በእርግጥ ያንን ሰው የሚታዘዝ ሲሆን ነው። እኔ ማንን ጠየቅሁ? ማንንም። የቆጠርኩት ሰውን ሳይሆን የመጣበትን ሠፈር ነው።

እዚህ ላይ የዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ታሪክ ትዝ ይለኛል። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) በተወጉ ጊዜ ጉዳዩን ለስድስት ሰዎች ሹራ ተዉት፤ ለዑስማን፣ ለዐሊይ፣ ለጦልሐ፣ ለዙበይር፣ ለሰዕድና ለዐብዱራሕማን። ሦስቱ መብታቸውን ለሦስቱ ሰጡ። ዐብዱራሕማን ደግሞ በመጀመሪያ ያደረጉት ራሳቸውን ከእጩነት ማውጣት ነው። ከዚያ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ሳይጠግቡ የመዲናን ሰው ሲያማክሩ ሰነበቱ። ኢብኑ ከሲር እንደጻፉት ሴቶችን በየቤታቸው፣ ልጆችን በየመማሪያቸው፣ መንገደኛውን ሳይቀር ጠይቀዋል። የሰውን ዝንባሌ መለካት ከተባለ ከዚህ የበለጠ ልኬት የለም። ነገር ግን ጥያቄያቸውን ልብ እንበል። «ማንን ትፈልጋለህ?» ነው እንጂ «ማን የሚያሸንፍ ይመስልሃል?» አይደለም። የመጀመሪያው የሰውየውን የራሱን ምስክርነት ያወጣል፤ ሁለተኛው ስለ ሌላው ሰው ያለውን ጥርጣሬ። መልሱ ለጆሮ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግን የተለያየ ነው። እኛ ከሱቁ ደጃፍ ሳምንቱን ሙሉ የተጠያየቅነው ሁለተኛውን ብቻ ነበር። ከመካከላችን አንዱ እንኳ «አንተ በበኩልህ ማንን ትፈልጋለህ?» ያለ የለም። እኔም አልተጠየቅሁም፤ ብጠየቅ ኖሮ ምናልባት እውነቱን እናገር ነበር።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር በንጉሡ ዘመን ሕግ መወሰኛ ወይም ሴኔት የሚባል ምክር ቤት ነበር፤ በ1923ቱም ሆነ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አባላቱን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ስለነበሩ ሕዝብ የሚገምተው ነገር አልነበረም። በአሜሪካ ግን የሴኔት ወንበር በድንገት ሲጎድል በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሁለት ጊዜ ይመረጣል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ፓርቲ ከራሱ መካከል እጩ ይለያል፤ ቀጥሎ እጩዎቹ ይወዳደራሉ። የመጀመሪያው ዙር የተሠራው የፓርቲው ሰው «ይገባዋል» የሚለውን እንዲናገር ነው። ወሬው ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ «ማን ያሸንፋል» ይሆናል፤ ጋዜጠኛውም እንደ ፈረስ ግልቢያ ያሰላዋል። ኤድዋርድ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሞቱ ከ1962 ጀምሮ የያዙት የማሳቹሴትስ ወንበር ክፍት ሆነ። በታኅሣሥ 2009 የዴሞክራቶቹን የመጀመሪያ ዙር ማርታ ኮክሊ ሲያሸንፉ ብዙው ሰው ነገሩ አለቀ ብሎ ነበር። በጥር 2010 ወንበሩን የወሰዱት ሪፐብሊካኑ ስኮት ብራውን ናቸው። በ2017 በአላባማ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የደገፏቸው እጩ በፓርቲያቸው ዙር ተሸነፉ፤ ያሸነፏቸው ሰውም በዋናው ምርጫ በዴሞክራቱ ተሸነፉ።

ሩቅ ምን አስኬደን? ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅንጅት ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን፣ የከተማዋን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች ደግሞ በሙሉ ሲያሸንፍ ቀድሞ የገመተው ማን ነበር? በዚያን ዕለት ሰልፍ የወጣው ሰው «ሌላው ምን ይል ይሆን?» ብሎ ቢያሰላ ኖሮ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሐዘን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የዚያን ዕለቱ ውጤት ግን እያንዳንዱ ልቡ ያለውን በመናገሩ የመጣ ነው። ስለዚህ ግምቴ ሰመረ ብዬ የተመሰገንኩበት ነገር ሲታሰብ እንኳን ትክክል መሆን፣ ዕውቀትም አይደለም። ሦስቱ ጎረቤቶቼና እኔ ዝም ባንል ኖሮ ግምቴ ምን ይሆን እንደነበር ማን ያውቃል?

የልጆቹን አስተማሪ በረቢዑል አወል አንድ ምሽት አገኘሁት። ቀሪዎቹ ልጆች እስኪወጡ ጠብቄ ነገርኩት፤ ልመርጠው ፈልጌ እንዳልመረጥኩት፣ ይባስ ብሎም አይመረጥም እያልኩ ሳወራ እንደሰነበትኩ። የልጆቹን ሰሌዳ እያበሰ ሰማኝ። «ሰምቼ ነበር» አለ። «ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ። ‹ኡስታዝ፣ አይመረጡም አሉ› ብለው አለቀሱብኝ።» ዐውፍ እንዲለኝ ጠየቅሁት፤ ዐውፍ አለኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለ ሴት ልጄ ንባብ አወራን፤ ሱረቱል ሙልክ ላይ ትቸኩላለች አለ።

አሁን ደግሞ ከሱቁ ደጃፍ የብሎካችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ወሬ ተነስቷል። ውኃ በፈረቃ ነው፣ የደረጃው መብራት አይሠራም፣ የጥበቃው ደመወዝ ዘግይቷል፤ ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም። ትናንት ማታ አንዱ ልማዱ ነውና «እስቲ አንተ ተናገር፣ ማን ያሸንፋል?» አለኝ። «አንተ ማንን ትፈልጋለህ?» አልኩት። ሻዩን አስቀመጠ። ዙሪያውን አየ፤ የተሰበሰብነውን አንድ በአንድ አየን። ብዙ ቆይቶ «ነገ ልንገርህ» አለኝ።